ከዜሮ እስከ መቶ ሃያ ሰባት

ፔዳሉን የሸጠኝ መርካቶ ያለ ነው፣ ሚዛን የሚጠግን ሰው፤
"የሲንጀር መርገጫ ነው፤ ዘይት ጠብ አርግና መጋጠሚያውን ቅባው"
ብሎ ጠቀለለው።
ዝም አልኩኝ። ባርመው
ዋጋው ይጨምራል፤ ስሙንማ እንዳሻው፣ እንደፈለገ ይጥራው።

ሂርማታ፣ ቤታችን። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤
ከኮምፒውተሬ ውስጥ አርባ ቫዮሊን ተደርድሮ ይጠብቃል፤
ስጫናቸው ግን እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ ያነባሉ እንጂ አያዜሙም፤
ከፍ አይሉም፣ ዝቅ አይሉም፣ ምንም አይታመሙም።
ሁለት እጅ አለኝ፤ ሁለቱም ቁልፎቹ ላይ ታስሯል፤
ትንፋሽ የሚሰጣቸው ሦስተኛ እጅ ከየት ይመጣል?
ከእግር።

የገመዱ ጫፍ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት፤
ሦስት የብረት ቁራጭ፣ የማይነካካ ጎረቤት።
ማይክ ቀዳዳ ውስጥ ሰካሁት፤
እስከ እኩለ ሌሊት ረገጥኩት፤
ጭጭ።

ሪድዋን ሳቀብኝ፣ አጂፕ ሞባይል የሚፈታው፦
"ይሄ እኮ ድምፅ የለው! በር ነው፤ በከፈትከው ልክ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ፤
መሀል ቆሞ የሚቆጥርለት ካልተገኘ፣ ኮምፒውተር ምን ገዶት
በር ቢከፈት ቢቆለፍ!"
አውራ ጣት የምታክል ቦርድ ከመሳቢያ አውጥቶ
ሦስቱን ሽቦ ሊበይድ ሲል፣ ጢሱ ገና ሽቶ፣
መብራት ሄደ። ካውያው በእጁ ላይ በረደ።

በማግስቱ ቁጥር መጣ፤
ስረግጠው የሚወርድ፣ ሳነሳው የሚወጣ።
ጫፉና ቀለበቱ ተቀያይረው ኖሯል፤
ገልብጠን በየድነው፤ አሁን ደግሞ ከአሥራ አንድ ይጀምራል፤
መቶ ሃያ ሰባት ሊደርስ ሲገባው
መቶ አሥራ ስምንት ላይ ደክሞት ይቀራል።
ዝም ብዬ ብተወው፣ ማንም ሳይጠጋው፣
ስልሳ አራት፣ ስልሳ አምስት፣ ስልሳ አራት፣
ይንቀጠቀጣል፤ እንደ አባቴ ጉልበት፣ ሐምሌ እንደወጋው።
ሆዱን ከፈትንና ጥቁሩን አቧራ በአልኮል ጠረግነው፤
"መነሻህ እዚህ ነው፣ መድረሻህ እዚያ ነው"
ብለን ሶፍትዌሩን አስተማርነው።

ያኔ ሁሉም ልክ ሆነ። ልክ ያልሆነው እግሬ፤
አርባ ቫዮሊን ይዘላል፣ ይቆማል፣ ይዘላል፣
መሪ እንደያዘ ጀማሪ፣ ባልጠና መንጃ ፈቃድ፣ በገበያ መሀል።

"ነዳጅ እንዲህ አይረገጥም" አለ አባቴ ከጥግ።
ነጋሽ አባ ዱራ፤ ሠላሳ ዓመት ኤንትሬ የነዳ፣
አሁን ከአልጋው እስከ በሩ የሚሄደው በከዘራ።
"ከሥሩ እንቁላል አለ በል። ተረከዝህን አሳርፈው፤
ጣትህ ብቻ ያስብ።" ደግሞ እንዲህ አለ፦ "ቆይ፣ ተው፤
እኔ ልየው።"

በርጩማ ሳብኩለት። ኮንጎ ጫማውን አወለቀ፤
አራት ቁልፍ ያዝኩና ጠበቅሁ፤ እግሩ ዘለቀ፣
ግን ወደ ታች፦ የግቤን ቁልቁለት በዝግታ፣
ሠላሳ፣ ሃያ ስድስት፣ እስከ ድልድዩ ጸጥታ።
ከዚያ ዳገቱን ያዘ።
አርባ ቫዮሊን ሙሉ ጭነት እንዳለበት አቃሰተ፤
ሰባ ሁለት፣ ሰባ ዘጠኝ፣ አንዲቷን ሳይዘል፣ ሳይስት፣
ዘጠና ስድስት ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ አድርጎ ያዘው፤
ረጅም ጊዜ። ጣቴ ደነዘዘ። "ለምን ያዝከው?" ስለው
"ኩርባ ነው" አለኝ።
"ከወዲያ ማን እንደሚመጣ አታውቅም።"

መቶ አሥር ላይ አበቃ። "ትንሽ ቀረህ" ብለው፣
"ሙሉ ነዳጅ ለማን?" ብሎ ጫማውን ፈለገው።

ተኝቷል። ፋይሉን መልሼ ከፈትኩት፤
ስክሪኑ ላይ አንድ ቀጭን መስመር፣ እግሩ የሳላት፣
ትወርዳለች፣ ትወጣለች፣ ኩርባው ጋ ትጠብቃለች፤
ፔዳሉ ወለሉ ላይ አይነቃነቅም፤ እሷ ግን ትሄዳለች።

እኔ ዛሬም እለማመዳለሁ፣ ከመርገጫው ሥር እውነተኛ እንቁላል አስቀምጬ፤
ሁለት ብቻ ነው የሰበርኩት፤
ሁለቱንም ኩርባው ጋ፣ ቸኩዬ ረግጬ።